የቀጠሮ ቀን ስኳር

እማዬ ለሐኪም ቀጠሮ የምትዘጋጀው እንግዳ እንደሚመጣባት ሴት ነው። ሦስት ቀን ሲቀራት እንጀራው ይቀንሳል። ሻዩ ያለ ስኳር ይሆናል። ድንች ከወጡ ውስጥ እየተለቀመ ወደ እኔ ሳህን ይሻገራል። ሌላ ጊዜ እዚህ ጎንደር ከቀሃ እስከ ፒያሳ ያለውን ዳገት ያለ ባጃጅ የማትሞክረው ሴት በእግሯ ትወጣዋለች። በቀጠሮው ጠዋት በባዶ ሆዷ የደሟን ስኳር ትለካለች። 108 ይላል፣ ሲከፋ 115። "ጎበዝ እናት!" ትባላለች። መድኃኒቱ ባለበት ይቀጥላል፣ ካርዱ ላይ ቀጣዩ ቀን ይጻፋል። የዚያን ቀን ማታ ቤት ስገባ ሽሮው ይንተከተካል፣ ዳቦው ተቆርሷል፣ ሻዩ ስኳሩን አግኝቷል። እንግዳው ሄዷላ!

እኔ ይህንን "የቀጠሮ ቀን ስኳር" እለዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የምናውቀው እሱን ብቻ ነበር። ሌሎቹ ቀኖች ምን ይመስሉ እንደነበር እኔም አላውቅም፣ ሐኪሙም አያውቅም፣ ደግነቱ እሷም አታውቅም።

ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ስልክ እጠግናለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ከዚህ በታች የምጽፈው በአንዲት የ67 ዓመት ሴት ክንድ ላይ ለ14 ቀን ያየሁትን ነው። ይህን አንብቦ ኪኒኑን በራሱ ሥልጣን የሚቀንስ ሰው ካለ ከእኔ ጋር ተጣልቷል።

ሱቄ ውስጥ አንድ መሳቢያ አለ። እዚያ ውስጥ አራት የስኳር መለኪያ ተቀምጧል። አራቱም ይሠራሉ፣ አንዳቸውም ግን አይጠቅሙም። አንዱን ከውጭ የመጣ ዘመድ ሰጠን። አንዱ በነጻ ሲታደል የደረሰን ነው። ሁለቱን በራሴ ገንዘብ ገዛሁ። ችግሩ ስትሪፑ ነው፣ ደሙ ጠብ የሚልበት ቀጭኑ ቁራጭ። እያንዳንዱ መለኪያ የሚቀበለው የራሱን ስትሪፕ ብቻ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያሉት 50 ፍሬዎች ሲያልቁ ከአራዳ እስከ አዘዞ መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት ብትዞር መልሱ "የዚህ የለንም" ነው። ቻርጀሩ የማይገኝለት ስልክ በሉት። አሁን "የትኛውን መለኪያ ልግዛ?" የሚለኝን ሰው መጀመሪያ ስትሪፑን ፈልግ እለዋለሁ። ሰፈርህ ያለው መድኃኒት ቤት ዛሬ አለው? ባለፈው ወርስ ነበረው? መለኪያው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አንድ ስትሪፕ በሥራ ማጉያዬ ስር አድርጌ አይቼዋለሁ። ለሙያው ሰው ደስ የሚል ነገር ነው። ቀጫጭን የኤሌክትሪክ መስመሮች አሉት። ጫፉ ላይ ደሙን የምትስብ ትንሽ አፍ አለችው። እዚያች አፍ ውስጥ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም የተቀባበት አለ፤ ይህ ኢንዛይም ከሻጋታ የሚገኝ ነው። ደሙ ውስጥ ያለውን ስኳር ሲያገኘው ኤሌክትሮን ይነጥቀዋል። ኤሌክትሮኑ በመስመሩ ላይ ይሮጣል። መለኪያው የሚያየው ያንን ሩጫ ነው። ስኳር ሲበዛ ኤሌክትሪኩ ይበዛል፣ ሲያንስ ያንሳል። ባትሪ ነው ማለት ይቻላል፣ ነዳጁ የእናቴ ደም።

ሐሳቡ የተወጠነው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ሊላንድ ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ ኢንዛይምን ከኤሌክትሮድ ጋር ቢያገናኙት ስኳር መለካት እንደሚቻል ከባልደረባው ጋር ሆኖ ጻፈ። ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ መፍረጃው ሽንት ነበር። ሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ ጠብ አድርገው ያፈሉታል፤ ወደ ሸክላ ቀለም ከሄደ ስኳር በዝቷል ማለት ነው። ግን ሽንት የሚናገረው ያለፈውን ነው። ስኳሩ አሁን ወርዶ ሰውየው ራሱን ሊስት ቢሆን እንኳ ሽንቱ ትንፍሽ አይልም። የመጀመሪያዎቹ የደም ስኳር መለኪያዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መባቻ ሲመጡ ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝኑ ነበር፣ የሚቀመጡትም ሐኪም ቤት ነው።

እህቴ ለጥምቀት ከአሜሪካ ስትመጣ ሁለት ሴንሰር፣ ክንድ ላይ ተለጥፎ ስኳሩን ቀን ከሌሊት የሚከታተል ዕቃ፣ ይዛ መጣች። አፕሊኬሽኑ የተጫነበት አሮጌ ስልክም አብሮ አለ። እማዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችባቸው። "ለጾም ይሁን" አለች። ትክክል ነበረች። የምትፈራው ዐቢይ ጾምን ነው። እስከ 9 ሰዓት ምግብ ሳይቀመስ፣ ኪኒኑ ግን ተውጦ፣ ቅዳሴ ቆሞ... ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ጉልበቷ ከድቷት ሰዎች ደግፈው አምጥተዋታል።

በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት እህቴ በኢሞ እያየችን ሰካነው። ከለስላሳ ቆርኪ ትንሽ የምትሰፋ ነጭ ክብ ነገር ናት። ከሥሯ አምስት ሚሊ ሜትር የሚሆን ክር ቆዳ ውስጥ ይገባል። ክንዷ ላይ አስጠግቼ ስጫነው "ጠቅ" አለ።

"ይኼው ነው?" አለች።

"ይኼው ነው።"

"ደም የለ፣ ምን የለ?"

"የለም።"

"ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ጣቴን ለምን ወጋችሁኝ?"

መልስ አልነበረኝም። ትንሽ ቆይታ እህቴን ዋጋውን ጠየቀቻት። ሰማች፣ ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረችና "መመለስ ይቻላል?" አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ኢንዛይሙ ያው ነው፣ ግን የሚለካው ደም አይደለም። በሴሎች መካከል ያለውን ፈሳሽ ነው። ደሙን ወንዝ፣ ይህን ፈሳሽ ደግሞ ከወንዙ የተጠለፈ መስኖ ብላችሁ አስቡት። ወንዙ ሲሞላ መስኖው ወዲያው አይሞላም። ከአምስት እስከ አስር ደቂቃ ይዘገያል። ስኳሩ በፍጥነት ሲወርድ ወይም ሲወጣ ስልኩና ጣቷ የማይስማሙት ለዚህ ነው። ከተሰካ በኋላ አንድ ሰዓት ይጠበቃል። ከዚያ ስልኩን ክንዷ ላይ ጠጋ ስታደርገው ቁጥሩንና ያለፈውን ጊዜ ኩርባ ያሳያል። እንዲህ ያለው፣ በየጊዜው በጣት ደም ማረም የማያስፈልገው ዓይነት አውሮፓ ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው የመጀመሪያው ሴንሰር ግን ሦስት ቀን መዝግቦ ውጤቱን የሚያሳየው ለሐኪሙ ብቻ ነበር። ባለቤቱ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም ቤት ድረስ ይጠብቃል።

በሁለተኛው ሌሊት ጉዴ ፈላ። 8 ሰዓት ላይ ለሽንት ተነሥቼ ልይላት ብዬ ስልኩን ክንዷ ላይ አስጠጋሁት። 58! ስኳሯ ወርዷል። ኩሽና ሮጥኩ፣ ስኳር በጠበጥኩ፣ ቀሰቀስኳት። ደግነቱ የእህቴ ምክር ትዝ አለኝ፤ "የሚያስደነግጥ ነገር ካሳየሽ በጣት አረጋግጡ" ብላታለች። ጣቷን ታጥባ ወጋኋት። 96።

ለካ በሴንሰሩ ክንድ ላይ ተኝታበታለች። ክንዱ ሲጫን ፈሳሹ እንደልቡ አይዘዋወርም፣ ሴንሰሩ በሐሰት ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ሐኪሞቹ የሚያውቁት ነገር ነው። እማዬ ብርጭቆውን ገፋ አድርጋ፣ "ይኼም እንደ ሰው ሲጫኑት ይዋሻል ማለት ነው" ብላ ወደ ሌላው ጎኗ ዞረች።

ስለዚህ በአምስተኛው ሌሊት ሳየው አልሮጥኩም።

ከዚያ በፊት ስለ ዱካኩ ልንገራችሁ። እማዬ ዓመታት ሙሉ ዱካክ ይጫናታል። ሌሊት ትቃዣለች፣ ትጮኻለች፣ ልብሷ በላብ ርሶ ትነሳለች። በተለይ በጾም። እሷ ለዚህ የራሷ ትርጉም አላት፤ ጾም ሲገባ ፈተና ይበዛል። ጸበል ትረጫለች፣ መስቀሏን ትራሷ ስር ታደርጋለች፣ ቀን እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል። ለሐኪም ተናግራ አታውቅም። ዱካክ ለሐኪም ይነገራል እንዴ?

በአምስተኛው ሌሊት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ድምጿ ቀሰቀሰኝ። የሆነ ነገር ትላለች፣ ቃሉ አይለይም። ስልኩን አስጠጋሁ። 61፣ ቀስቱ ወደ ታች። የተኛችው በሌላው ጎኗ ነው። ግንባሯን ስነካው እጄ ረጠበ። ጣቷን ወጋሁ። 64።

አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ አሟሙቼ አጠጣኋት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠን አሥራ አምስት ደቂቃ ጠበቅን። 88 ሆነ። እየቆየ ዓይኗ ጠራ። ስልኩን ከእጄ ተቀብላ ኩርባውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከምሽቱ 5 ሰዓት ጀምሮ ቁልቁለቱን የሚወርድ መስመር ነው።

"ዱካኩ ይኼ ነው?" አለችኝ።

ጸበሉን አልተወችም፣ እንድትተውም አልጠየቅኳትም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ስልኩን ራሷ ታስጠጋለች።

ሳምንቱ ሲያልቅ ሐኪም ጋ ሄድን። ቀጠሮዋ አልነበረም፣ ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቷን ሳታጸዳ ነው የሄደችው። ወጣቱ ሐኪም ስልኩን ተቀብሎ ቁጥሩን ብቻ አይቶ አልመለሰም። ቀን በቀን እየገፋ አየው። ስኳሯ ከ70 እስከ 180 ባለው ውስጥ የቆየው 58 በመቶውን ጊዜ ነበር። 35 በመቶው ከዚያ በላይ። 7 በመቶው ከ70 በታች።

እኔ የደነገጥኩት በ35ቱ ነው። እሱ የደነገጠው በ7ቱ። ስልኬ ላይ ሳሰላው ገባኝ፤ በቀን አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። በእሷ ዕድሜ ላለና ስኳሩ ሊወርድበት ለሚችል ሰው ከ70 በታች የሚቆየው ጊዜ ከ1 በመቶ እንዳያልፍ ነው የሚፈለገው፤ በደህናው መሐል ከግማሽ በላይ ጊዜ ከቆየች ይበቃል። ተጠያቂው የማታው ግሊበንክላማይድ ነው አለን። ይህ ኪኒን ጣፊያ አጠገብ ያለውን እጢ፣ ቆሽትን፣ ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን አውጣ እያለ ይገፋዋል። ሰውየው ይብላ አይብላ ግድ የለውም፣ ሥራውም ቶሎ አያልቅም። እማዬ በ9 ሰዓት ትገድፋለች፣ ማታ ሁለት ጉርሻ ቀምሳ ኪኒኗን ትውጣለች። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ኪኒኑ ብቻውን ይሠራል። የማታውን አስቀረላት። ሌላውን ኪኒኗን፣ ሜትፎርሚኑን፣ አልነካውም፣ እሱ ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን እንዲህ አያወርድም።

የገረመኝ ይህ ነው። "ጎበዝ እናት!" ያስባላት የጠዋቱ 108 የመጣው በከፊል ሌሊት እየተቃዠች በወረደችበት ቁልቁለት ነው። የሦስት ወሩ ምርመራም ቢሆን አላጋለጣትም። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ስለሚኖር፣ በላዩ የተለጠፈውን ስኳር ቆጥሮ የወራቱን አማካይ ይነግርሃል። ጥሩ ምርመራ ነው። ግን አማካይ ነው። አንድ እግሯን ፍም ላይ፣ ሌላውን በረዶ ላይ ያደረገች ሴት በአማካይ ተመችቷታል።

ወረፋ ስንጠብቅ አጠገባችን አንድ ቀጭን ወጣት ተቀምጦ ነበር። ከገጠር ነው የመጣው፣ ሌሊት ተነሥቶ። ኢንሱሊን ይወጋል። የእማዬን ክንድ አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት።

"አንተ በሳምንት ስንት ጊዜ ትለካለህ?"

"ቀጠሮ ስመጣ።"

"ሲወርድብህ በምን ታውቃለህ?"

"ጉልበቴ ይከዳኛል። ሰው ሲጠራኝ ድምፁ ከሩቅ ይሆንብኛል።"

ኢንሱሊኑን እርጥብ እንስራ ውስጥ እንደሚያስቀምጥ ነገረኝ። ይህ ልጅ በመርፌ የሚኖር ነው፣ መለኪያ የለውም። የጎንደር ሐኪሞች እንደሱ ያሉ ቀጫጭን፣ ድሃ፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ሰዎች መብዛታቸውን አስተውለው፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ሕመም ጉዳይ እንደገና ይታይ ብለው እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፈዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር ለተያያዘው ዓይነት "ዓይነት 5" ብሎ እውቅና የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። ክትትሉ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ወርዶ በነርሶች እንዲሰጥም እዚህ ለዓመታት ተደክሞበታል። ሴንሰር በእጣ የሚታደል ቢሆን ኖሮ እማዬ ከዚህ ልጅ በፊት መሰለፍ አልነበረባትም። እኔማ ጭራሽ።

ወደ እኔ እመለሳለሁ። በመጀመሪያ ግን ምግቡ።

ቤታችን ውስጥ የቆዩ ክርክሮች ነበሩ። ኩርባው አንዳንዱን ፈረደ። "ማር ስኳር አይደለም" የሚለው ወደቀ። በሶ በማር ከጠጣች ከአንድ ሰዓት በኋላ 241 ነበረች። ድንች ወጥ በሁለት እንጀራ የሳምንቱ ጫፍ ሆነ፣ 264። ያው እንጀራ፣ አንድ ብቻ፣ በምስርና በጎመን ሲሆን ከ190 አላለፈም። በጾም ጮማ ስለሌለ ጤናማ የምንበላ ይመስለን ነበር። ማዕዱን ሳየው ድንች፣ ፓስታ፣ ዳቦ፣ እንጀራ ነው። ሥጋው ሲወጣ ቦታውን የያዘው ዱቄት ነው።

አብሹን በተመለከተ ፍርድ አልሰጥም። እማዬ የተዘፈዘፈ አብሽ ጠዋት ጠዋት ትጠጣለች። ጠጥታም ሳትጠጣም አየነው፣ ልዩነቱ ለእኔ አልታየኝም። ሁለት ቀን ሙከራ ደግሞ ምንም አያሳይም። ትጠጣ።

መራመዱ ግን ሳይታለም የተፈታ ነው። ከምግብ በኋላ ወደ ቀሃ ኢየሱስ በኩል ሃያ ደቂቃ ሄዳ ስትመለስ ጉብታው ዝቅ ብሎ ይታያል። ጡንቻ ሲሠራ ከደሙ ስኳር ይስባል። ያንን አይታ ነው የምሳ ሰዓት እንቅልፏን የተወችው። እኔ ለዓመታት ነግሬያት ነበር። ልጅ ሲናገር ማን ይሰማል?

ሌላ ቀን ስልኩ 139 እያለ የጣቷ ደም 311 አለ። ሁለታችንም ደርቀን ቀረን። ቀጥሎ እጇን አየሁ። ፓፓያ ልጣ ነበር። በሳሙና ታጠበች፣ ሌላ ጣት፣ 144። እንግዲህ አስቡት። የአንድ ሰው ሙሉ ደም አምስት ሊትር ገደማ ቢሆንና ስኳሩ 100 ቢሆን፣ በሰውነቱ ውስጥ የሚዞረው የደም ስኳር በጠቅላላ አምስት ግራም ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ። በትንሽ ጠብታ ደም ላይ የጣት ጫፍ ፓፓያ ምን እንደሚያደርግ ከዚህ መገመት ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ደግሞ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። በየቤቱ ስንቱ ኪኒን በፓፓያ ምክንያት ተጨምሮ ይሆን?

የጎደለን ሦስት ሰዓት ብቻ ነው። ሴንሰሩ የሚይዘው የስምንት ሰዓት ትዝታ ነው፤ በዚያ ውስጥ ስልኩ ካልነካው የቆየው ይጠፋል። እማዬ ማኅሌት አድራ አሥራ አንድ ሰዓት ያህል ቆይታ መጣች። ስልኩ ቤት ቀርቷል። ኩርባው ላይ ባዶ ቦታ ተወ። "እሱን እግዜር ይዞታል፣ አትጨነቅ" አለችኝ።

በ14ኛው ቀን ሴንሰሩ ሥራውን ጨረሰ። ሁለተኛውን ለፍልሰታ ልናስቀምጠው ተስማምተን ነበር። አላስቀመጥነውም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

"አንተስ የእኔ ልጅ አይደለህ?" አለችኝ አንድ ቀን። "ሆድህ ደግሞ ቀድሞህ ነው በር የሚገባው። በራስህ ላይ አድርገው።" እምቢ ማለት ነበረብኝ። እውነቱን ልናገር፣ እጄ አሳክኮኝ ነበር። አዲስ ዕቃ ሳይፈታ ማየት አልችልም። ክንዴ ላይ ሰካሁት።

ሱቅ ውስጥ በቀን አምስት ስድስት ሻይ እጠጣለሁ፣ እያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ። ኩርባዬ የራስ ዳሽንን አካባቢ መሰለ። 171 ሳይ ኑዛዜ ልጽፍ ምንም አልቀረኝ። አንድ የማውቀው ሐኪም ሳቀብኝ። ስኳር የሌለበት ሰውም ከምግብ በኋላ ለአጭር ጊዜ ከ140 ሊያልፍ ይችላል፣ በሴንሰር ደግሞ ሕመም አይመረመርም አለኝ። ላብራቶሪ ላከኝ። በባዶ ሆድ 109፣ የሦስት ወሩ 5.9 በመቶ። አሜሪካኖቹ በሚጠቀሙበት መስፈርት በባዶ ሆድ ከ100 እስከ 125 ያለው ቅድመ ስኳር ይባላል፤ ከ126 ጀምሮ ስኳር ነው። እኔ በረንዳው ላይ ነኝ ማለት ነው።

ለበረንዳው ሰው የሚሆነው ነገር የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት አለ። ክብደታቸውን 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የታገዙት ሰዎች ወደ ስኳር ሕመም የመግባት ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የወሰዱት በ31። መራመዱ ኪኒኑን በለጠ። ለእኔ 82 ኪሎ ስድስት ኪሎ መቀነስ ነው። እስካሁን ሁለት ቀንሻለሁ። ሻዩ ወደ አንድ ማንኪያ ወርዷል፣ ቁጥሩ ግን ያው ስድስት ነው።

ይህን ሁሉ ለማወቅ ሴንሰር አላስፈለገኝም። አንድ የላብራቶሪ ወረቀት ይበቃ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ከ2024 ጀምሮ ኢንሱሊን ለማይወስዱ ሰዎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ሴንሰር ተፈቅዷል፣ ሕመም የሌለባቸውም ይለጥፉታል አሉ። የተረፈው ይለጥፍ። የእኔውን በስድስተኛው ቀን የቦርሳዬ ማንገቻ ነቅሎ ጣለው። የእማዬ ፍልሰታ ፒያሳ ባጃጅ ተራ ላይ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ሳነሳው አንዱ ሹፌር "ምን ጠፋህ?" አለኝ። "ምንም" አልኩት።

አሁን ወደ ስትሪፑ ተመልሰናል። አጠቃቀሙ ግን ተለውጧል። ድሮ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ ነበር የምትለካው። ያ ሰዓት ምን እንደሚል እናውቃለን፣ ስለዚህ ስትሪፕ አናባክንበትም። አሁን በሳምንት ስድስት ነው የምናወጣው። ሁለት ጊዜ ጥንድ አድርገን፣ ከምግብ በፊትና ከሁለት ሰዓት በኋላ። አንዱን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ። አንዱን ዓርብ፣ ከመግደፏ በፊት። 50 ፍሬ ስምንት ሳምንት ይሄድልናል። የምትጽፈው በልጆች ደብተር ላይ ነው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የበላችው፣ ቁጥሩ። 230ውም አለ፣ 250ውም አለ። ቀጠሮ ሲቀርብ አሁንም ሦስት ቀን ቤቷን ታጸዳለች፣ ያ አልለቀቃትም። ደብተሩን ግን ይዛ ትሄዳለች።

መጀመሪያ ላይ ጣት መውጋት ጾም ይሽር እንደሆነ ፈርታ ነበር። ንስሐ አባቷን ጠየቀች። ሕክምና ነው አሏት። እንዲያውም ስለ ሌሊቱ ስትነግራቸው ሰዓቷን ወደ 6 ሰዓት አሳጠሩላት፤ ሲደክምሽ ደግሞ ሰዓት አትጠብቂ አሏት። በዚያው ሰሞን ረመዳን ስለነበር ጎረቤታችን እትዬም ስለ ስኳራቸው ደብተር ጀምረዋል። ሁለቱ አጥር ላይ ቆመው ቁጥር ሲለዋወጡ የሚሰማ ሰው የእቁብ ሒሳብ ይመስለዋል።

ባለፈው ዓርብ ሱቅ ነበርኩ። የአንድ ስልክ ቦርድ ማጉያ ስር አድርጌ እየበየድኩ ነው። ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። ደወለች።

"66 ይላል።"

"እጅሽን ታጥበሻል?"

"ታጥቤያለሁ። ሁለት ጣት ነው የወጋሁት።"

"ከስድስት ሰዓት አላለፈም እንዴ? ለምን አልገደፍሽም?"

ዝም አለች። ለካ በሆዷ የድሮውን 9 ሰዓት ይዛ ነበር።

"እማዬ፣ ንስሐ አባትሽ ምን ነበር ያሉሽ?"

አሁንም ዝም። ስልኩን አልዘጋሁም። መበየጃውን አስቀመጥኩ። የሆነ ነገር ተከፈተ፣ ክዳን ይመስላል። ከዚያ ማንኪያ ብርጭቆ ሲመታ ሰማሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።